ቤንዚኑ የሚሸሽባት ኩርባ

ጓ! ከኋላ ገጫት። አንገቷ ወደፊት ተወርውሮ ተመለሰ፤ ምላሷን ነክሳ አፏ ደም ደም አለ። ተርብ ነው የሚሏት። ደሟን ዋጥ አድርጋ መሪውን ጨበጠች እንጂ ዋይ አላለችም።

እዚችው ኩርባ ላይ ሲገጫት ይሄ ሦስተኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተርብ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማን ሊደርስባት! ወደ ቀኝ የምትጠመዘዘው ረጅም ኩርባ ላይ ስትበር ግን ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ተጠራርጎ ወደ ግራው ግድግዳ ይሸሻል። ጎዶሎ ባልዲ ይዘሽ ስትሮጪ ውሃው እንደሚዘልብሽ ማለት ነው። መምጠጫው ባዶውን ይቀራል፣ ሞተሩ አየር ይጠጣና እህ እህ ብሎ ጸጥ ይላል። መንገዱ ሲቃና እንደገና ነፍስ ይዘራል። ታንኩ ሙሉ እያለ ደህና ነበረች፤ አሁን ውድድሩ ሊያልቅ ነው፣ ቤንዚኑም ታች ወርዷል።

ይሄን በሽታ ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ነው፤ የቀድሞ ባሏ። መድኃኒቱን የሠራው ራሱ ነዋ! የወተት ጣሳ የምታህል ትንሽ ታንክ በይዶ ከትልቁ ጋር አገናኝቶላት ነበር። ትልቁ ሲናጥ፣ ትንሿ ሁልጊዜ ሙሉ ናት፤ ሞተሩን እሷ ታጠጣዋለች።

ሲፋቱ ሽማግሎቹ መኪናዋን ለተርብ ፈረዱ። እሱዬ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "እሺ፣ ትውሰድ። እኔ በእጄ የበየድኳትን ጣሳ ብቻ ስጡኝ" አላቸው። ትልቁ ሽማግሌ እንባው መጣ አሉ። "አይ የዋህ! ጣሳ ብቻ!" ብሎ መረቀው። መኪና የማያውቅ ሽማግሌ ምን ይደረጋል!

በር ላይ ሲደርሱ የዋሁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና፣ "መኪናዋን ወስደሻል። በሷ የመጨረሻውን መስመር ካለፍሽ ግን እኔ ወንድ አይደለሁም" አላት። የተርብ ወንድም፣ መካኒኩ፣ ሌላ ጣሳ በይዶላት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሲሞክሩት አንጠባጠበና አውጥተው ጣሉት።

"ግቢ!" አለ ወንድሟ በሬዲዮው፣ ጆሮዋ ውስጥ። "አንቺ ልጅ፣ ይብቃሽ፣ ውድድሩን ትተሽ ግቢ! ሊገድልሽ ነው!"

"አንድ ዙር ናት የቀረችኝ።"

"እሺ ኩርባዋ ላይ ቀስ በይ። ቀስ ካልሽ ቤንዚኑ አይሸሽም።"

"ቀስ ካልኩማ ና ግጨኝ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት ማለት ነው።"

"ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"ሥራ በዝቶባታል በላት።"

ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሰውዬው ጎኗ መጣ። በጎን ደለቃት፤ መስታወቷ ተገንጥሎ በረረ፣ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ጮኸ። ዞር ስትል ጣቱን ጉሮሮው ላይ አሳለፈላት። ከዛ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ለኩርባዋ ነዋ!

ያኔ ነው ለተርብ የበራላት። ይሄ ሰው የመኪናዋን ሳል ሰምቶ አይደለም የሚመጣው። ሳሉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ቀድሞ ነው የሚወረወረው።

ኩርባዋ ውስጥ ገባች። ሳሉ ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳችና መሪውን ወደ ግራ ለቀቀችው። ጎማዎቿ ከአስፋልቱ ወጥተው ጠጠሩን ረጩት። ቤንዚኑ ከግድግዳው ወርዶ ቦታው ተመለሰ። ሰውዬው ግን እሷ በነበረችበት በኩል፣ ክፍት በር በትከሻው እንደመታ ሰው ሰተት ብሎ አለፈ። ፍሬን ቢይዝ መኪናው ዞረ፤ ፊት ለፊቷ አግድም ተጋደመ።

ሞተሯ አገሳ። በግራ በኩል መንገዱ ክፍት ነው፣ የመጨረሻው መስመር እዛው ይታያል። ማለፍ ትችል ነበር።

አላለፈችም። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችና በሩ ላይ ሰካችበት። የሱ መኪና አንዴ ተንከባለለ፣ ደገመ፣ በጣሪያው ተኛ። የሷ ኮፈን እንደ ወረቀት ተጨማደደና እዛው ቀጥ አለች።

ወረደች። እያነከሰች ሄደች። ሰውዬው በቀበቶው ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ ከአፍንጫው የሚወጣው ደም ወደ ግንባሩ ይወርዳል። ቤንዚን የጋለው ብረት ላይ ጠብ እያለ ችስ ይላል።

"ሽሺ! ሊነድ ነው!" ወንድሟ ከሩቅ እየሮጠ ይጮሃል።

የት ትሰማዋለች! በተሰበረው መስኮት እጇን ሰደደች፣ ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘች፣ ሌላውን እጇን ለጡጫ አነሳች።

"በል አሁን ጉሮሮህን አሳየኝ!"

ሰውዬው ሁለት ክንዶቹን ፊቱ ላይ አነባበረ። የግራው ከላይ፣ የቀኙ ከሥር፣ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረ። "አትምቺኝ" አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም።

ጡጫዋ አየር ላይ ቀረ። ያን አሸፋፈን ታውቀዋለች። እንደዛ ከተያዘ አፍንጫ እንደማይሰበር ታውቃለች። ጆሮ ግን ውጭ ይቀራል፤ ጆሮን የሚያድን አያያዝ የለም፣ ሚስቱ እያለች ሁሉንም ሞክራዋለች።

ጆሮውን አየችው። ቀልቶ፣ ተራቁቶ።

ቤንዚኑ ችስ አለ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታችና የቀበቶውን መቆለፊያ በዳበሳ መፈለግ ጀመረች። እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሰውዬው ይሸማቀቃል።