የሐጂ ሱብሒ ፈተና

የሐጂ ሱብሒን ልጅ ለማግባት ጥሎሽ ብቻ አይበቃም፤ ፈተና አለ። ሐጂ በሞሱል ከተማ ለአንድ ሰፈር ሙሉ በጄኔሬተር መብራት የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። «ስለ ኮረንቲ የማያውቅ አማች ከማመጣ ሞቼ ልገኝ!» ይላሉ።

ግቢያቸው ውስጥ ሁለት አሮጌ ጄኔሬተሮች ብርድ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ልጅቷን ሊጠይቅ የመጣው እጁን ከሥር ሰዶ ዘንጉን ይዳብሳል፤ ከዚያ የትኛው ተለዋዋጭ፣ የትኛው ቀጥተኛ ኮረንቲ እንደሚያመነጭ ይናገራል። ባለፈው አንድ መሐንዲስ ሳይቀር ወድቆ ሄዷል።

ባለታክሲው ሙንዚር ግን የሐጂን ልጅ ሹሩቅን ካላገባ ያብዳል። መጽሐፍ ገዝቶ ተሳፋሪ እስኪመጣ ያጠና ነበር። በሚሽከረከረው ሽቦ ውስጥ ኮረንቲው ሁልጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዘንጉ ላይ ሁለት ሙሉ ቀለበት ካለ እንዳለ ያወጣዋል፤ ይህ ተለዋዋጭ ነው። ቀለበቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ ግን በየግማሽ ዙሩ ጫፎቹን እያቀያየረ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰደዋል። ቀጥተኛው እሱ ነው፤ ባትሪም የሚሞላው በእሱ ነው።

በፈተናው ጠዋት ሹሩቅ ደወለች።

«ስማኝ፣ ገልብጠህ ተናገር። ሙሉ ቀለበት ያለው ቀጥተኛ ነው በል።»

«ምን ነካሽ? መጽሐፉ እኮ…»

«መጽሐፉን ነው እኔን የምታገባው?» ብላ ዘጋችው።

የሙንዚር ደም ፈላ። ከመሐንዲሱ ጋር በር ላይ ስትስቅ ታይታለች ሲባል ሰምቷል። ‹በቃ፣ እኔን ጥላ እሱን ልታስመልስ ነው› አለ በሆዱ።

ግቢው ሲገባ ያበጡ ባትሪዎች በረድፍ ተጥለው አየ።

«የዘንድሮ ባትሪ!» አሉ ሐጂ በምሬት። «ሰፈርተኛው ሙሉልን ብሎ ያመጣል፤ እኔ ጋ ሳያድር አብጦ ይሞታል። ሻጮቹን አላህ የሥራቸውን ይስጣቸው! በል፣ ዳብስ።»

ሙንዚር ዳበሰ። አንደኛው ዘንግ ሁለት ሙሉ ቀለበት። ሁለተኛው፣ ስንጥቁ ጣቱ ሥር ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ ሹሩቅ ሳል አለች። መጽሐፉ አንድ ቀን ስቆለት አያውቅም፤ እሷ ግን ስቃለታለች።

«ይሄ… ሙሉ ቀለበት ያለው፣ ቀጥተኛ ነው» አለ ዐይኑን ጨፍኖ። «የተሰነጠቀው ተለዋዋጭ።»

ሐጂ ተስፈንጥረው አንገቱን አቅፈው ሳሙት። «ዕውቀት ማለት ይሄ ነው! እሰይ!» ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ፈነዳ። ሙንዚር ሹሩቅን በመጠርጠሩ አፈረ፤ ያንን ውሸታም መጽሐፍም በልቡ ረገመው።

«በል አማቼ፣ የታክሲህን ባትሪ ነቅለህ አምጣ» አሉ ሐጂ፣ ሙሉ ቀለበት ካለው ጄኔሬተር ላይ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ፤ «የሰፈሩን ሁሉ በሞላሁበት በዚሁ እሞላልሃለሁ።»