እልልታው ያረፈበት ስንኝ

«አሁንም እዚያው ጋ አቆምከው» አለች እናቱ።

ሐቲም ጣቱን ከላፕቶፑ ላይ አላነሳም። ከታች የፈይሰል ጎዳና ሚኒባሶች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ መስኮቱ ቢዘጋም ድምፁ ይገባል።

«ገና አልጸዳም እማ።»

«ሳምንቱን ሙሉ አልጸዳም ትላለህ። ልብስ ቢሆን ነትቦ ያልቅ ነበር።»

ቀረጻው ከጦርነቱ በፊት አገራቸው፣ ኦምዱርማን፣ በአጎታቸው ልጅ ሰርግ ላይ፣ እናቱ በስልኳ የቀዳችው ነው። ታናሽ ወንድሙ ታጅ አልሲር ራሱ የገጠመውን ዘፈን ሰው ፊት የዘፈነው ያን ቀን ብቻ ነበር። ከባድ መሣሪያ ቤቱን ሲመታው እሱም የሚደረድረው ዑዱም አብረው ሄዱ። ሐሙስ ሙት ዓመቱ ነው። እዚሁ ካይሮ የተሰደዱት ጓደኞቹ ዘፈኑን ሊዘፍኑለት ተለማምደው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው የመጨረሻው ስንኝ ነው። እሱን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

ሐቲምን ይህን ሥራ ያስተማረው የለም። በዚህ በአንድ ዘፈን ላይ እየወደቀ እየተነሣ ነው የተማረው። የጄኔሬተሩን ጉምጉምታ አወጣ። በዘፋኙ አናት ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ጣታቸውን የሚያጮሁትን ወንዶች አራቃቸው። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ግን አንዲት ሴት እልል ትላለች።

«ስልኩ አልቻለም እማ። ድምፅ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት አናቱን ቆርጦ ይጥለዋል። የታጁም አብሮ ተቆርጧል። ማሽኑን ሙላልኝ ብለው ይሞላል፤ ግን ከራሱ ፈጥሮ ነው። የታጁ አይደለም።»

«አጫውተው።»

አጫወተው። እልልታው ቆርቆሮ ላይ እንደሚደፋ ጠጠር ክፍሉን ሞላው። አቆመው።

«ማናት እሷ?»

«ሰርግ ነው፤ ማን ይለያል?»

«እኔ እለያታለሁ። የሙሽራዋ አክስት ናት፤ ያቺ ቀጭኗ። ልጄ አፉን በከፈተ ቁጥር እሷም ትከፍታለች። እዩኝ እዩኝ ማለት መቼ አነሳት።» ፊቷን አዞረች። «ምላሷን ያድርቀው።»

«ተዪ እማ።»

«ምኑን ነው የምተወው? የልጄን ቃል በላችው እኮ። ከሷ በኋላስ ምን አለ?»

«ምንም። ጭብጨባ ነው።»

ላፕቶፑን ሊከድነው እጁን ሲሰድ ቀደመችው። እሱ ሲጫን ያየችውን ረጅሙን ቁልፍ ተጫነች።

እልልታው ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ተቋረጠ። ከዚያ ለስልኩ በጣም ቀርቦ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሳቅ የቀላቀለ የሴት ድምፅ መጣ። «የኔ ልጅ እኮ ነው፤ የኔ።»

ከቀረጻው ሁሉ እንደሱ ጥርት ያለ የለም። ሐቲም ሲያጸዳ እሱን አልነካውም ነበር።

እናቱ የተከናነበችውን ነጭ ቶብ ጫፍ ወደ አፏ ወስዳ በጥርሷ ያዘችው። ከታች አንዱ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይዞ አልለቅ አለ።

«ቁረጣት» አለች።

«ስቆርጣት እሱም ይሄዳል።»

እናቱ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። «የቱ ጋ ነው እሱ?»

ሐቲም ጣቱን የላፕቶፑ መስታወት ላይ አኖረ። በሌላው ቦታ የድምፁ ሞገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚያ ጋ ግን በቢላ እንደተላገ ሁሉ አናቱ ልሙጥ የሆነ አንድ ጥቁር ድፍን ብቻ ነበር።