በአባቱ ፊት ኪሱ የነደደው ተማሪ

"ትምህርትስ? ፈተናስ? ጤናስ ደህና ነህ ወይ ወደይ፣ ልጄ?"

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ኣያ ኣታኽልቲ፣ ሰላምታ ከጀመሩ አያበቁም...

ልጄ ሚልኪያስ ፊታቸው ቆሟል። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አንድ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል።

እሁድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እኔ፣ ባለቤቴ ኣስፋሃና ኣያ ኣታኽልቲ ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ገብተን ተቀምጠናል። ልጃችን ከጓደኞቹ ጋር ከካፌው ጓሮ ሲወጣ ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

እኔ አይቻለሁ... ሲጋራ ይዞ ነበር። እኛን ሲያይ እንደበራ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በታላቅ ፊት አይጨስም። ቢያወጣው ነውር ነው። ካላወጣው ኪሱ ይነድዳል። ሰላምታ ሳያልቅ ጥሎ መሄድም አይቻልም...

"ጓደኞችህስ? የደህና ሰው ልጆች ናቸው?"

"አ... አዎ ኣቦይ። እግዚአብሔር ይመስገን።"

ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ያማስላል።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። "ልጁ ሲጋራ ሲጋራ ይሸተኛል፣ አባት አይደለህ? አናግረው" ስለው፣ "ይደርሳል፣ የኔአለም" ብሎ ያልፈኛል። ደካማ አባት ነው እል ነበር በሆዴ...

ከልጄ ኪስ ቀጭን ጭስ ወጣ።

"ኧረ ልጁ እየነደደ ነው!" ብላ ጮኸች አስተናጋጇ። ከጠረጴዛችን የውሃ ብርጭቆ አንስታ ቸለሰችበት።

ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ። "ሚልኪ፣ እሳት አደጋ እንጥራልህ?"

ኣያ ኣታኽልቲ አልሳቁም። ብድግ አሉ።

"በአባትህ ፊት? ከቅዳሴ መልስ? ኣስፋሃ! ምን ታያለህ፣ በለው እንጂ!"

ኣስፋሃ ተነሳ። እጁ ሲንቀሳቀስ ዓይኔን ጨፈንኩ...

የጥፊ ድምፅ አልሰማሁም።

ዓይኔን ስገልጥ፣ ባለቤቴ የገዛ ኮቱን ኪስ ገልብጦ ገበሩን ለወንድሙ እያሳየ ነው።

ገበሩ በየቦታው ክብ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል። አንዳንዱን ቀዳዳ የጠቀምኩት እኔው ነኝ... "ላውንደሪ ቤት በካውያ አቃጠሉብኝ" ብሎኝ። ልብሱ ሲሸተኝም "ቢሮ የሚያጨሱ አሉ" ይለኝ ነበር።

"ኣያ፣ ይመታ ካሉ መጀመሪያ እኔን ይምቱኝ" አለ። "ይሄ ሁሉ ከእርስዎ ስደበቅ የተቃጠለ ነው። ተማሪ ሳለሁ ግቢ ውስጥ በቀልድ ጀመርኩት። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ከእርስዎ እደበቃለሁ፣ ከሚስቴ እደበቃለሁ፣ ከልጄ እደበቃለሁ። መውጫው ጠፋኝ።"



ከዚያ ወደ ሚልኪያስ ዞረ።

"ወደይ፣ አንተ ገና ነህ። እኔ ያለሁበት ሳትደርስ ውጣ። ቢያቅትህ ግን አትደበቅ... ንገረኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር በግልጽ ይወራ ጀመር። "ዛሬም አሸነፈኝ" ይላል አባት። "እኔንም" ይላል ልጅ። ልጁ እየቀነሰ ሄደ። ኣስፋሃን ግን ሳሉ ቀደመው። ሐኪሙ "ሳንባው ነው... ዘግይታችኋል" አለን።

ቀበርነው።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ሚልኪያስ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"እማ... ዛሬ አጨስኩ" አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እግዚኦ! በአባቱ ለቅሶ ላይ?" አሉ አንዲት ጎረቤት።

ኣያ ኣታኽልቲ ቀና አሉ። ልጄን ሊያዋርዱት ነው ብዬ እጁን ያዝኩት...

"ተዉት፣ ይናገር" አሉ። "ወንድሜ እኔን ሲፈራ ነው ያለቀው።"

ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት። "ና ወደይ፣ እኔ ጋ ተቀመጥ።"

ዛሬ የኣስፋሃ ሙት ዓመት ነው። እንዳልረሳው ብዬ ጻፍኩት።

ልጄ ከሱሱ ወጥቷል ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ሳምንት ይተወዋል፤ አንዳንድ ሳምንት መልሶ ይይዘዋል። ግን አሁን ሲወድቅ የሚነግራቸው ሰዎች አሉት።

ፍርሃት ልጅን ያስደብቃል እንጂ ሱስ አያስጥልም። "ነውር ነው" ብለን የዘጋነው አፍ፣ "እርዱኝ" ሊል የነበረ አፍ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ግቢ ያለ ልጃችሁ ወይም ታናሻችሁ ዛሬ ፊታችሁ ቆሞ "አጨሳለሁ" ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው?

ከታች ጻፉልኝ። ሁሉንም አነበዋለሁ... ልጄም ያነበዋል።