የጽጌረዳው ውሃ

እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ከቧንቧው ጫፍ ወደ መስታወቱ ማሰሮ ይንጠባጠብ ነበር። የጽጌረዳው ዘይት ስስ ወርቃማ ሽፋን ሆኖ ከላይ ተንሳፈፈ፤ መዓዛውን የጠጣው ውሃ ከሥሩ ተኛ። የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ እርሳሷን ከወጪ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ አንስታ ምድጃውን የሚጠብቀውን አባቷን አየችው። ውሃው ተረፈ ምርት ከተባለ ከአበባውና ከማገዶው ወጪ አይካፈልም፤ ጣምራ ምርት ከተባለ ግን ከዘይቱ ጎን ቆሞ ድርሻውን ይሸከማል።

«አባዬ፣ እሳቱን ስታነድ የምታስበው የቱን ነው?»

«ዘይቱን ነዋ! ውሃው ምራቂ ነው።»

እሷንም፣ ታላላቆቿ ካደጉ በኋላ ሳትታሰብ ስለመጣች፣ ቤት ውስጥ የሚጠራት «ምራቂ» እያለ ነበር። ፊደሎቹን እያሳመረች፣ ቀስ ብላ «ተረፈ ምርት» ብላ ጻፈች። አባቷ በእንፋሎቱ መሐል መጥቶ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ አለና አነበበ። ከዚያ አውራ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጽሑፉን ያሸው ጀመር፤ ወረቀቱ ሳስቶ ጽጌረዳ ጽጌረዳ እስኪሸት ድረስ።

«ሳላስበው ይምጣ እንጂ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ «ከመጣ ወዲህ ያለ እሱ መች ቆመን እናውቃለን?»