የተቆለፈባቸው ዊልቸሮች

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር የማዋለጃ ክፍሉን ቁም ሳጥን ስታስከፍት ሁለት ዊልቸሮች ተጣጥፈው አገኘች። በየክፍሉ ያየችው ይህንኑ ነበር። ዊልቸር አጠፋህ ተብሎ ሊባረር የነበረው የዕቃ ቤት ኃላፊ ከኋላዋ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ስንፈልግ ስለማናገኝ ነው የቆለፍኩበት፣ ዶክተር» አለች ዋና ነርሷ፤ እፍረትም አልነካት።

«የማይገኘውኮ ሁላችሁም ስለቆለፋችሁበት ነው፣ ሲስተር።»

«ይሁን። ቀድሞ የከፈተው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ማን ይጀምር?»

የዳይሬክተሯ እጅ ኮት ኪሷ ውስጥ የቢሮዋን ጓዳ ቁልፍ ያሻሽ ነበር። ጓዳው ውስጥ፣ ነገ ለምርመራ የሚመጡት እናቷ ደጅ ላይ እንዳይንገላቱ ብላ ያስቀመጠችው ዊልቸር ነበር። ቁልፉን አውጥታ ለዕቃ ቤት ኃላፊው አቀበለችው።

«ከእናቴ ዊልቸር ጀምር» አለችው።