የመጨረሻዋ ቫልታ

የጋብቻ መዝጋቢዋ "ከዛሬ ጀምሮ የምትጠሩበትን የቤተሰብ ስም አሳውቁ" ስትል ዝዴንካ ትንፋሿን ያዘች። ከመዝጋቢዋ ራስ በላይ ቅድመ አያቷ ቫልታ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። የአካባቢውን የመጀመሪያ የጫማ ፋብሪካ ያቋቋመው እሱ ነው፤ ከተማዋም በስሙ ቫልታ ተባለች። ዝዴንካ ዳቦ ልትገዛ ስትሰለፍ እንኳ "ዞር በሉ፣ ከተማዋ ራሷ መጣች!" ይሏታል፤ ጫማዋ ካረጀማ የሳምንት ወሬ ነው። ዛሬ ግን በባሏ በራዲም የቤተሰብ ስም ቱማ ልትባል ነው፤ ከራዲም ጋር ሆነው ቅጹን ሲሞሉ የጻፉትም ይህንኑ ነበር። ቱማ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ራዲም ጉሮሮውን ጠረገ። እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ "ሐሳባችንን ቀይረናል፤ ሁለታችንም ቫልታ እንባላለን" አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባቷ መሐረቡን አውጥቶ "አይ የኔ ልጅ! እኔማ ስማችን አብሮኝ የሚቀበር መስሎኝ ነበር" እያለ ያለቅስ ጀመር። ከኋላ አንዱ "ራዲም፣ ከእንግዲህ በነጠላ ጫማ እንዳናይህ!" ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝዴንካ ጣቶቿን ለማላቀቅ ሞከረች፤ ራዲም ግን ደስታ ያንቀጠቀጣት መስሎት ይበልጥ ጨበጣት።

"ወር ሙሉ ደብቄሽ ነው" አላት በጆሮዋ። "ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ላምጣልሽ?"

"ሙሽሪት፣ ይስማማሉ?" አለች መዝጋቢዋ።

ዝዴንካ እንቢ ልትል ቀና አለች። የራዲም ዓይኖች በእንባ ተሞልተዋል።

"እስማማለሁ" አለች። ድምፅዋ አልተሰማም ነበርና መዝጋቢዋ ጮክ ብላ እንድትደግመው ጠየቀቻት።