እሜቴን የሸኘን ዕለት

«አልወርድም» አለ ባሌ፣ የአሮጌዋን መኪና በር ከውስጥ ጎትቶ እየዘጋ። «እናንተ ጉዳያችሁን ጨርሱ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ተሽከርካሪ ወንበሩን በሩ አጠገብ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከኋላዬ፣ ግቢያችን መሀል፣ ጠዋት ያመጣኋት አዲሷ ስቴሽን ዋገን ቆማለች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጀርባዋ ረጅም፣ ፊት ቢያዩባት የምታሳይ። ሻጩ ሲያስረክበኝ «ዶክተር፣ የቤተሰብ መኪና ትምሰል እንጂ ይቺ አውሬ ናት» ብሎኛል። ባሌ ግን ዞር ብሎም አላያት።

መንዳት አስተማሪ ነበር። ከከተማው ሹፌር ግማሹ በእሱ እጅ ያለፈ ነው፤ እኔም ጭምር። የጥርስ ሐኪም መሆኔን የሰማ ዕለት «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ እንጂ፤ ጥርስ መሰለሽ እንዴ የምትነቅይው?» ያለኝ በዚችው መኪና ውስጥ ነው። እሜቴ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ካላባበሏት አትነሳማ። ተማሪ ስታመላልስ ኖረች። ልጃችንንም ከተወለደችበት ሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣናት በእሷ ነው።

አምና ስትሮክ መታው። ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉ። ወንበሩን ብናጥፈው ብንከፍተው እሜቴ አልውጥ አለች፤ እኛም ከሕክምና በስተቀር ከቤት መውጣት ተውን።

እሜቴን ልትወስድ የመጣችው የድሮ ተማሪው ናት፤ አሁን እሷም አስተማሪ ሆናለች። ራቅ ብላ ቆማ ቁልፉን በእጇ ታገላብጣለች።

«ጋሼ፣ ካልሆነ ሌላ ቀን ልመለስ?» አለች።

«ሦስተኛ ማርሿ ትኮራለች» አላት። «አትታገያት። ትንሽ ታገሻት፣ ራሷ ትገባልሻለች።»

«መች አጣሁት ጋሼ፣ በእሷ አይደል እንዴ ያስለቀሱኝ!»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። በሩን ከፍቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ምንድን ነው? አዲሷን አልወደድካትም?»

የድሮ ተማሪው እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ ለእኔ ፍሬን የላትም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እግሩ ስር አየሁ። እሜቴ የማስተማሪያ መኪና ስለሆነች በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አላት። በዚያች ፍሬን ስንት እግረኛ፣ ስንት አጥር፣ ስንት ድመት አትርፏል! አሁንም ደህነኛው እግሩ እሷ ላይ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ፣ ጢሙን የምላጨው እኔ፣ የምነዳውም እኔ። ለእሱ የቀረችው ያቺ ፍሬን ነበረች።

«እዚያ ውስጥ ከገባሁ ዕቃ ነኝ» አለ። «ከኋላ ወንበሩን ትጭኛለሽ፣ ከፊት እኔን።»

ላባብለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ይሄ ሰው ሲሸነግሉት ያውቃል።

«እውነትህን ነው፣ የላትም» አልኩት። «ማስገጠም እችል ነበር። አልፈለግኩም።»

«ለምን?»

«ዕድሜህን በሁለተኛ ማርሽ፣ የሰው እግር ስትጠብቅ ጨረስከው። እስኪ አሁን ደግሞ መንገዱን እይ። ወንበር መጫኛ ብቻ ብፈልግ የዳቦ ማከፋፈያ መኪናም ይበቃኝ ነበር። ፈጣን መኪና ሽው ብላ ባለፈች ቁጥር ትምህርቱን አቋርጠህ አንገትህ እስኪጣመም ስትሸኛት የማላይ መሰለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ታዪኝ ነበር?»

«ስፖኪዮ እያየሽ ንጂ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ከዚያ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳና፣ በደህነኛ እጁ ትከሻዬን ይዞ ወረደ። ወንበሩ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ የእሜቴን ጎን ቸብ ቸብ አደረጋት።

ልጅቷ እሜቴ ውስጥ ገባች፣ አስነሳች፣ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ሞተሩ እርፍ አለባት።

«ፍሪሲዮን!» ብሎ ጮኸባት፤ እሷም ውስጥ ሆና፣ ተማሪ ሳለች እንዳደረገችው፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሁለተኛ ስታስነሳ እሜቴ ሳታንገራግር ወጣች። ድምፅዋ ከመንገዱ ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮውን ወደዚያ አድርጎ ቆየ።

ወንበሩ አዲሷ መኪና ጀርባ ውስጥ ተንጋሎ ገባ፤ ቦታም ተረፈ። ከተማ ውስጥ በየመስቀለኛው መንገድ ባዶውን ወለል ሲረግጥ እሰማዋለሁ፤ እንዳልሰማ ሆኜ ነዳሁ። ከቤቶቹ አልፈን ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ከፊታችን ማንም አልነበረም።

«እስኪ ስጫት» አለ።

ነዳጁን ረገጥኩ። መኪናዋ መሬቱን የለቀቀች መሰለኝ፤ ጀርባችን ከወንበሩ ተጣበቀ፣ የመንገዱ ዳር ዛፎች አንድ ግድግዳ ሆኑ። አጠገቤ «ወይኔ እናቴ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አሞት ይሆናል ብዬ ደንግጬ ዞር አልኩ።

«አንቺ ሴት፣ እኔን አትዪኝ፣ ፊትሽን እይ!» አለ። በዓይኖቹ እንባ ሞልቶ ይስቃል፤ በሽታው ባጣመመው አፉ፣ ባንድ ጎኑ ብቻ፣ ግን ከሆዱ።

ቀስ አደረግኳት። የሚቀጥለው መውጫ ወደ ሰፈራችን የሚመልሰው ነው፤ የቀኝ ፍሬቻ አበራሁ። ጥቂት እንደሄድን ጣቱን ወደ ፊት ቀሰረ።

«አጥፊው» አለ። «ቀጥ በይ።»

አጠፋሁት። መውጫው በእሱ በኩል መጥቶ አለፈን።